ዕቃ ቤቱን እዩልኝ

ከሰቆጣ ትንሽ ወጣ ብሎ ወዳለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ እንግዳ ይዤ ስሄድ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም፤ «ሙዚየም አላችሁ?» ይሉኛል። ከዐለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ውስጡ ደግሞ የዋግ ገዥዎች የነበሩት የዋግሹሞች ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖች በሣጥን ተቀምጠዋል። ከዚህ በላይ ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም።

እርግጥ ሙዚየም ሲባል በብዙዎቻችን ዓይን የሚመጣው የአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የጥንት ሥዕለ ማርያሞች ከጃንሆይ መኝታ ክፍል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይታያሉ። እዚያ ግን ሥዕሉ ከአገልግሎት ወጥቷል። ዋግ ውስጥ መስቀሉ ለንግሥ ይወጣል፣ መጽሐፉ ይነበባል፣ ሥዕሉንም ምእመናን ይሳለሙታል። ስለዚህ «ቅርሶቹ ወደ አዲስ አበባ ይሂዱ» የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም።

በሥራዬ በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የማየው ችግር ከስርቆትም ይልቅ ፌስታል ነው። ብራናው እንዳይቆሽሽ ተብሎ በፌስታል ይጠቀለላል። ብራና ቆዳ ነው፤ ክረምት እርጥበት ይስባል፣ ፌስታሉ ደግሞ ያፍነዋል። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ገበታው ይጣመማል፣ ጠርዙም ይሻግታል። እኔ አልነካም፤ ቄሱ ይገልጡልኛል፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ የጧፍ ሰም የተንጠባጠበበትንና አይጥ የቀመሰውን ገጽ እመዘግባለሁ። ሥዕሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወልም ሌላው ጣጣ ነው። ቀለሙ ያረፈው እንጨቱ ላይ ሳይሆን በተቀባው ነጭ ልስን ላይ ነው፤ ውኃ ሲገባበት ልስኑ ከነቀለሙ ይነሳል። አቧራው ቢበዛ እንኳ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፤ እሱም በሚያውቅ ሰው እጅ።

ምዝገባን አሰልቺ የወረቀት ሥራ የሚያደርጉት አሉ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ በ1993 ከቤልጅየም የተመለሰው ግን የታወቀ ቅርስ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ያልተመዘገበ መስቀል ገበያ ላይ ቢገኝ የእኛ ነው ለማለት ምን እናቀርባለን? አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ባለ ቅርሱ ግን ዝርዝር ከሰጠ ንብረቱ የሚወሰድበት ይመስለዋል። አይፈረድበትም፣ የመቅደላን ዘረፋም ሰምቷል። እኔ የምለው የዝርዝሩ አንድ ቅጂ ከነፎቶው እዚያው ሰበካ ጉባኤው ዘንድ ይቅር ነው።

አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያላችሁ የዋግ ልጆች፣ ለንግሥ ስትመጡ ጥላና ምንጣፍ ማምጣታችሁ መልካም ነው። ዘንድሮ ግን ከዐቃቤ ንዋዩ ጋር ተመካከሩና ለዕቃ ቤቱ ከመሬት ከፍ ያለ አንድ የእንጨት መደርደሪያ፣ በፌስታሉ ፋንታ አንድ ጣቃ ነጭ አቡጀዲና ጠንካራ ቁልፍ ስጡ።