የአንድ አጭር ፊልም ጥንካሬና ድክመት

ባትማን የተባለው ጭምብል ለባሽ ጀግና በአሜሪካ ሥዕላዊ መጽሔት ላይ መጀመሪያ የታየው በ1939 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የባትማንን ታሪክ ፊልም ያደረጉት ባለመብቶቹ ኩባንያዎች ብቻ አይደሉም፤ አፍቃሪዎቹም በየዐቅማቸው ሞክረውታል። ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱ አሜሪካዊው ሳንዲ ኮሎራ አዘጋጅቶ በ2003 በሳንዲያጎ ከተማ ለሥዕላዊ መጽሔት አፍቃሪዎች ጉባኤ ያሳየው «ባትማን፡ ዴድ ኤንድ» ነው። የርእሱ ትርጉም «መውጫ የሌለው መንገድ» ማለት ነው። ፊልሙ ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ወጪውም 30,000 ዶላር ገደማ እንደ ነበረ ይነገራል። ገጸ ባሕርያቱ የሌሎች ንብረት በመሆናቸው አዘጋጁ ሊሸጠው አይችልም ነበር። ዓላማውም የዲሬክተርነት ችሎታውን ማስመስከር ነበር።

ችሎታው ለዓይን በሚታየው ሁሉ ጎልቶ ይገኛል። ከ1989 ጀምሮ በወጡት ታላላቅ ፊልሞች ባትማን ጥሩር የመሰለ የጎማ ልብስ ይለብስ ነበር። ኮሎራ ግን ወደ መጽሔቱ ሥዕል ተመልሶ ግራጫ ጨርቅ አለበሰው። ተዋናዩ ክላርክ ባርትራም ሰውነቱ በስፖርት የዳበረ በመሆኑ ጨርቁ አላሳነሰውም፤ እንዲያውም ከጎማው ይልቅ ግርማ ሰጥቶታል። መቼቱ ሌሊት፣ ዝናብና ጠባብ የከተማ መተላለፊያ ነው። ይህም ስሜት ከመፍጠሩ በላይ፣ ጥቂት ገንዘብ ያለው አዘጋጅ ከተማውን በሙሉ ለማሳየት እንዳይገደድ ረድቶታል።

የታሪኩ ሴራ ግን ከዚህ ጋር አይተካከልም። ባትማን ያመለጠውን ወንጀለኛ ጆከርን ያገኘዋል። በአንድሩ ኬኒግ የተተወነው ጆከር ከመያዙ በፊት፣ ለእንዲህ ዓይነት ሰው መሆኑ ምክንያቱ ራሱ ባትማን እንደ ሆነ ይናገራል። ከባድ ክስ ነው! ተመልካቹም የጀግናውን መልስ ይጠብቃል። በዚህ መካከል በ1979 ፊልም የታወቀው ኤሊየን የተባለ አውሬ ጆከርን ነጥቆ ይወስደዋል፤ ከዚያም በ1987 ፊልም የታወቀው አዳኝ ፍጡር ፕሬዳተር ይመጣል፤ ከዚያም ከባትማን ጋር ይታገላል። ታሪኩን አሳጥሮ ለመጻፍ የሚሞክር ተማሪ «ከዚያም» የሚለውን ቃል ይደጋግማል፤ «ስለዚህ» የሚልበት ቦታ ግን አያገኝም። ፍጡራኑ ለምን ወደዚያች ከተማ እንደ መጡ አይነገርም፤ መምጣታቸውም ከጆከር ክስ ጋር አይገናኝም። ግጭቱ በሁለት ሰዎች ኅሊና ውስጥ ተጀምሮ በጡንቻ ትግል ተተካ።

ስምንት ደቂቃ ለበለጠ ነገር አይበቃም የሚል ይኖራል። ዳሩ ግን ያን ብርቱ ጥያቄ ለማንሣት የጆከር ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች በቅተው ነበር፤ ለመልሱም ከዚያ የበዛ ጊዜ ባላስፈለገ። በፍጻሜው ባትማን በፍጡራኑ ተከቦ እንደ ቆመ ፊልሙ ያልቃል፤ ጆከርም ተመልሶ አይታይም።

ኮሎራ በ2004 ባትማንን ከሱፐርማን ጋር ያገናኘበትን «ወርልድስ ፋይኔስት» ሲያወጣ፣ ሥራውን የቀረበው ለረጅም ፊልም ማስታወቂያ አስመስሎ ነው፤ ረጅሙ ፊልም ግን አልነበረም።