የአይጥ ጥርስ ያላት የዱር ፍየል

በገበያ ፍየል የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የፍየሏን ከንፈር ገለጥ አድርጎ የፊት ጥርሶቿን ይመለከታል፤ ስንቱ የወተት ጥርስ እንደ ወደቀና ስንቱ በቋሚ ጥርስ እንደ ተተካ አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል። የሚያየው ግን የታችኛውን ብቻ ነው፤ የፍየል የላይኛው ድድ ከፊት በኩል ጥርስ የለውም። ከታች ስምንት ጥርሶች ተደርድረዋል።

ብሪታንያዊቷ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ዶሮቲያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1909 በሜዲትራንያን ባሕር ከምትገኘው ከማዮርካ ደሴት ያገኘችው መንጋጋ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነበር። በስምንቱ ፈንታ ሁለት ጥርሶች ብቻ፣ በግራ አንድ በቀኝ አንድ፣ ይታያሉ። እነርሱም ረጃጅም፣ ሥራቸው ያልተዘጋና እንደ አይጥ ጥርስ ዕድሜ ልክ የሚያድጉ ናቸው። ለእንስሳዋ የተሰጠው ማዮትራገስ የሚለው ስምም ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «አይጥ ፍየል» ማለት ነው። (ፍየል መባሏ በልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዘረመል ጥናት ይበልጥ የምትቀርበው በእስያ ተራሮች ለሚኖረው ታኪን መሆኑን አመልክቷል።)

ይህ በሽታ ይሆን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉዳት ወይም ቁስለት ጥርስን ሲያጠፋ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ወገን ከሌላው ይለያል፣ በአጥንቱም ላይ የሽረት ምልክት ይተዋል። የማዮትራገስ መንጋጋ ግን በሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ከዋሻዎቹ በብዛት የወጡት የሌሎቹ መንጋጋዎችም እንዲሁ ናቸው። ከሁሉ በላይ አሳማኙ ማስረጃ በዕድሜ በሚበልጡት የአፈር ንብርብሮች የተገኙት ቅድመ አያቶቿ ብዙ የፊት ጥርሶች የነበሯቸው መሆኑ ነው። ቁጥሩ በዘመናት ሂደት ቀንሷል። ስለዚህ የምናየው በዝግመተ ለውጥ የተገኘ ውርስ እንጂ የአንዲት እንስሳ ሕመም አይደለም።

ቅድመ አያቶቿ ወደ ደሴቲቱ የገቡት ከ5 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሜዲትራንያን ባሕር በአብዛኛው ደርቆ በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ይታመናል። ውኃው ሲመለስ መውጫ አጡ። በደሴቲቱ አዳኝ አውሬ አልነበረም፤ ምግቡ ግን ውስን ነበር። ሣርና ቅጠል የሚበላ እንስሳ ጥርሱ ካለቀ በረሃብ ይሞታል። ጠንካራ ተክል እየነጨ ለሚኖር ደግሞ ያለማቋረጥ የሚያድግ ጥርስ ዕድሜን ይጨምራል።

ማዮትራገስ የምትሸሸው ጠላት ስላልነበራት ሌላም ነገር ተለውጦባታል፦ እግሮቿ አጫጭር፣ ቁመቷ እስከ ትከሻ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዓይኖቿም እንደ ፍየል ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊት የሚመለከቱ ነበሩ። የመጨረሻዎቹ አጥንቶች ዕድሜ ወደ 4,500 ዓመት ይጠጋል፤ ሰው በደሴቶቹ መስፈር የጀመረውም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው።