እንዴት ይሠራል? በድሮ የከሰል ማውጫ ላይ የቆመ አዲስ ቤት ሲፈተሽ

በእንግሊዝ አገር፣ በሼፊልድና በሮዘራም መካከል ዌቨርሊ የሚባል አዲስ መንደር አለ። ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤቶች እንዲኖሩት ታቅዶ የተጀመረ፣ ሐይቅ ያለው ሰፈር ነው። መሬቱ ግን የኦርግሪቭ ነው፤ በ1984 አድማ የመቱ የከሰል ሠራተኞችና ፖሊሶች የተጋጩበት ኦርግሪቭ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የከሰል ጉድጓዱም ከሰሉን ወደ ኮክ ማገዶ ይለውጥ የነበረው ፋብሪካም ተዘጉ፤ የቀረው ከሰል ከላይ ተገልጦ ወጣ፤ ቦታው ተሞልቶ ተደለደለና ቤት ተሠራበት። በዮርክሻየር፣ በኖቲንግሃምሻየር፣ በደርሃም፣ በደቡብ ዌልስና በማዕከላዊ ስኮትላንድ እንዲህ ያለ ሰፈር ሞልቷል። የለንደን ዋጋ አልቀመስ ብሏቸው ወደ ሊድስ ወይም ወደ ሼፊልድ የሚያማትሩ ወገኖቻችን የሚታያቸው አዲስ ቤት ከነዚህ በአንዱ ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል።

መጥፎ ቤት ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በደንብ ተጠንቶ የታከመ የማዕድን መሬት ማንም ዞር ብሎ ካላየው ተራ ማሳ ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ ቤቱን እንዲፈትሽልን የምንቀጥረው ሰው መሬቱን ማየት አለመቻሉ ነው። እሱ የሚደርሰው መሠረቱ ከተቀበረ፣ ወለሉ ከተደፈነ፣ ሣሩ ከተነጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ሁለት ነው፤ አንዱ በዓይን፣ ሌላው በወረቀት። በዓይን የሚደረገውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘብ የሚያድነው ግን ብዙ ጊዜ የወረቀቱ ነው።

ከታች እንጀምር። በጥንቱ አሠራር ቆፋሪዎቹ ከሰሉን ክፍል በክፍል እያወጡ፣ ጣሪያው እንዳይናድባቸው ከዚያው ከከሰሉ ምሰሶ እየተዉ ያልፉ ነበር። ያ ምሰሶ መቶም ሁለት መቶም ዓመት ሊቆም ይችላል። ውሃ ሲያርሰውና አየር ሲበላው አንድ ቀን ይሰበራል፤ ጣሪያው ይወድቃል፤ ባዶው ቦታም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ደግነቱ የተሰባበረ ድንጋይ ሳይሰበር ከነበረው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ ባዶው በጉዞው ላይ እያለ ራሱን ይሞላል። መሐንዲሶች በከሰሉ ንጣፍ ላይ ከውፍረቱ 10 እጥፍ የሚሆን አለት ካለ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም ብለው የሚነሡት ከዚህ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሜትር ለሆነ ከሰል ቢያንስ 15 ሜትር አለት ይፈልጋሉ ማለት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው አሠራር ደግሞ ምሰሶ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከሰሉን ጠራርጎ ያወጣና ጣሪያው ከኋላው እንዲወድቅ ይተወዋል። መሬቱ ወዲያው ይሰምጥና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይረጋል። እናም ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ፣ በ1980ዎቹ በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ከተቆፈረው ይልቅ ከዛሬ ሁለት መቶ ዓመት በፊት በአሥር ሜትር ጥልቀት የተቆፈረው ያሰጋል። እንደ ኦርግሪቭ ከላይ ተገልጦ በወጣበት ቦታ ደግሞ የሚታሰበው ሌላ ነው። ጉድጓዱን የሞላው አፈር በራሱ ክብደት፣ ኋላም የከርሰ ምድር ውሃ ሲመለስ፣ እየተጠቀጠቀ ይወርዳል።

ከዚህ ሌላ ሰዎቹና ከሰሉ ይወጡና ይገቡባቸው የነበሩ ጉድጓዶች አሉ። በመዝገብ የሚታወቁት ብቻ ከ170,000 በላይ ናቸው። መዝገቡን የሚይዘው በማንስፊልድ ከተማ ያለው መንግሥታዊ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለ30 ዓመታት ያህል ኮል ኦቶሪቲ ሲባል ቆይቶ በ2024 ማይኒንግ ረሚዲዬሽን ኦቶሪቲ ተብሏል። የተዘጋ ማውጫ ካርታው እንዲቀመጥ ሕግ ያስገደደው በ1872 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቆፈረው ብዙው ካርታ የለውም።

ታዲያ ቤት ሠሪው ምን ያደርጋል? በየጥቂት ሜትሩ እስከ ከሰሉ ድረስ እየሰረሰረ፣ የሲሚንቶና የአመድ ቅልቅል በግፊት ይሞላበታል። አመዱ ብዙ ጊዜ የመጣው ከሰል ያነዱ ከነበሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች ነው፤ ከሰሉ ወጣ፣ ነደደ፣ አመዱ ተመልሶ ባዶ ቦታውን ሞላ። አሮጌ ጉድጓድ ከተገኘ ተሞልቶ በብረት የታሠረ አርማታ ይከደንበታል፤ ቤቱም ራቅ ብሎ ይቆማል። መሠረቱ ደግሞ እንደተለመደው በግድግዳው ሥር ብቻ የሚሄድ ሳይሆን፣ ቤቱን እንደ ትሪ የሚሸከም አንድ ወጥ አርማታ ሊሆን ይችላል።

ከመስመጡ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጋዙ ነው። በስኮትላንድ፣ ሚድሎዝያን ውስጥ ጎርብሪጅ በምትባል ከተማ የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) ያሠራቸው ቤቶች ገና ጥቂት ዓመት እንደሆናቸው ነዋሪዎቹ በ2013 እና በ2014 ይታመሙ ጀመር። ምክንያቱ ከአሮጌ የከሰል ማውጫ ወደ ቤታቸው የሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። 64 ቤቶች ፈረሱ። ጋዝ የሚያግድ ሽፋን ከወለላቸው ሥር አልተነጠፈም ነበር። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከአየር ይከብዳል፤ የአየር ግፊት ዝቅ ባለ ቀን ደግሞ ከመሬት ውስጥ ይበልጥ ይወጣል። መከላከያው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከወለሉ ሥር የሚነጠፍ ጋዝ የማያሳልፍ ሽፋን፣ ሁለተኛው ከሽፋኑ በታች ነፋስ የሚመላለስበት ባዶ ቦታ። ከሁለቱ ለዓይን የሚታየው በግድግዳው ግርጌ ያለው፣ ኤርብሪክ የሚሉት ቀዳዳ ያለው ጡብ ብቻ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የገዢው ጠበቃ (ሶሊሲተሩ) የማዕድን ሪፖርት ያስመጣል። ሪፖርቱ ከቤቱ በታች ከሰል ወጥቶ እንደሆነና ከወሰኑ በ20 ሜትር ውስጥ የታወቀ ጉድጓድ መኖሩን ይናገራል። ብዙዎች ይህን አይተው ይረካሉ ወይም ይደነግጣሉ፤ ሁለቱም መቸኮል ነው። ሪፖርቱ የድሮውን እንጂ ሠሪው ምን እንዳደረገ አይነግርም። ስለ ከሰል የሚናገር መሆኑንም አይርሱ፤ የኮርንዎል ቆርቆሮና የቼሻየር ጨው የየራሳቸው መጠይቅ አላቸው።

ሠሪው ያደረገው የሚገኘው በካውንስሉ የግንባታ ፈቃድ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ድረ ገጹ ለማንም ክፍት ነው። ሥጋቱ ከፍ ባለበት አካባቢ ሠሪው ከማመልከቻው ጋር የማዕድን ሥጋት ግምገማ ማቅረብ አለበት። ከዚያ ካውንስሉ ፈቃዱን ሲሰጥ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፦ መሬቱ ይሰርሰር፣ ይጠና፣ ይታከም፣ መታከሙም በማረጋገጫ ሪፖርት ይታይ ይላል። ወሳኙ ይህ የመጨረሻው ነው። ለሶሊሲተሩ የሚጻፈው ጥያቄም አጭር ነው፦ «ቅድመ ሁኔታው ተሟልቷል ብሎ ካውንስሉ በጽሑፍ አጽድቋል ወይ? ያጸደቀውስ እኔ የምገዛውን ቤት ነው ወይስ የሰፈሩን የመጀመሪያ ምዕራፍ?»

ልዩነቱ የትየለሌ ነው። የጋዝ ሽፋኑ የሚነጠፈው በየቤቱ ነው። ከተነጠፈ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛው ይረግጠዋል፤ የብረት ሠራተኛው ይጎትትበታል፤ አንድ ቀዳዳ ብዙ ያበላሻል። ስለዚህ ጥሩ የማረጋገጫ ሪፖርት የቤቱን ቁጥር የያዘ ፎቶ፣ ቧንቧ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ መታሸጉን የሚያሳይ ምስልና ከሠሪው ውጭ የሆነ ተቆጣጣሪ ፊርማ ይኖረዋል። መሬቱ የተበከለ ከነበረም ጓሮው ላይ ምን ያህል ንጹሕ አፈር እንደተደለደለ ይጻፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የተለመደ ልክ ነው። ይህን ሁሉ መጠየቅ ያለብዎት ውል ከመለዋወጥዎ በፊት ነው። ከተለዋወጡ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ የዋጋው 10 በመቶ የሆነው ቀብድ ታስሯል፤ ጥያቄውም ልመና ይሆናል።

የዓይኑ ፍተሻ ስናጊንግ ይባላል። ሠሪው በ2022 ሥራ ላይ መዋል በጀመረው የአዲስ ቤቶች የጥራት ደንብ የተመዘገበ ከሆነ፣ ቤቱ ማለቁን ካሳወቀ በኋላ ከርክክብ በፊት ገዢው ባለሙያ ልኮ እንዲያስፈትሽ መፍቀድ አለበት። ዋጋው ጥቂት መቶ ፓውንድ ነው። የሽያጭ ሠራተኞቹ «የኛ ሰው ፈትሾታል» ቢሉም የራስን ሰው መላክ ነው።

ባለሙያው የሚለካው በስሜት አይደለም። ለአዲስ ቤቶች ዋስትና በሚሰጠው በኤንኤችቢሲ መለኪያ መሠረት ልስን የሚታየው በቀን ብርሃን፣ ከ2 ሜትር ርቀት ነው። ስፋቱ እስከ 6 ሜትር የሆነ ወለል በአንድ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ማዘንበል የለበትም። ቀሪው ውሃ ልክ፣ ቱምቢ፣ መሰላልና ትዕግሥት ነው፤ በሩ ይዘጋል? የሻወሩ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ኮርኒሱ ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ተዘርግቷል ወይስ ተከምሯል?

የማዕድን መሬት ላይ ግን ጥቂት ነገሮችን ለይቶ እንዲያይ ይንገሩት። ኤርብሪኮቹ ሁሉም ክፍት ናቸው? በሲሚንቶ ተደፍነው ወይም በአፈር ተቀብረው ማግኘት ያስገርምዎታል፣ ግን ይገኛል። የውጪው መሬት እርጥበት ከሚከላከለው ንጣፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል? ቧንቧና ኬብል ወለሉን በሚበሱበት ቦታ ክፍተት አለ? የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ተነሥቶ ውሃው ሳይቋጥር ይወርዳል? በተሞላ መሬት ላይ ቀድሞ የሚዛነፈው ቱቦ ነው። ጓሮውንም በአካፋ ቆፈር አድርጎ ይይ።

ስንጥቅ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። አዲስ ቤት በመጀመሪያው ዓመት እየደረቀ ስለሚኮማተር፣ ግድግዳና ኮርኒስ በሚገናኙበት ቀጭን ስንጥቅ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ቀለም ይሸፍነዋል። መሬት ሲንቀሳቀስ የሚመጣው ሌላ መልክ አለው። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ይሄዳል፤ በጡቡ መካከል ደረጃ እየሠራ ይወርዳል፤ ከውስጥም ከውጭም ይታያል፤ አንዱ ጫፉ ከሌላው ይሰፋል፤ አጠገቡ ያለ በርም መዝጋት እንቢ ይላል። ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ መሐንዲስ ሳይጠሩ አይደሩ። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ጽፈው ፎቶ ያንሡ።

አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም የተረከበ ሰው ወለሉንም ልስኑንም ራሱ ማስጨረስ ስለለመደ፣ እንግሊዝ አገርም «ይቺን እኔው አስተካክላታለሁ» ማለት ይቀናዋል። ባያደርገው ይሻላል። በተለመደው የ10 ዓመት ዋስትና የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት ጉድለት የሚያስተካክለው ሠሪው ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ 10 ዓመት ኢንሹራንሱ የሚይዘው ከባድ የመዋቅር ጉዳትን ነው። የነካኩትን ነገር «እርስዎ ነዎት ያበላሹት» ሊሉዎት ይችላሉ።

መሬቱ በከሰል ቁፋሮ ምክንያት ሰምጦ ቤቱን ከጎዳው ደግሞ ሌላ በር አለ። በ1991 በወጣው ሕግ ያ የማንስፊልዱ ባለሥልጣን መጠገን ወይም መክፈል አለበት፤ ማመልከቻው ጉዳቱን ካወቁ በ6 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ነገር ግን ሕጉ የሚሸፍነው ቁፋሮው ያመጣውን ነው፤ በደንብ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ አፈር ቢወርድ ጉዳዩ የሠሪውና የዋስትናው ነው። ባለሥልጣኑ «የአፈሩ ነው»፣ ሠሪው «የማዕድኑ ነው» ሲሉ መካከል ላይ የሚቆመው ባለቤቱ ነው። የዚያን ቀን ያ የማረጋገጫ ሪፖርት እጅዎ ላይ ካለ፣ ከሥር ምን እንደተሞላ፣ የት እንደተሰረሰረና በማን እንደተፈረመ ተጽፎ ያገኙታል።

ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ መከላከያውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው። ለልደትና ለማኅበር እንዲመች ጓሮውን በንጣፍ ድንጋይ ከፍ ሲያደርጉ ኤርብሪኩ ይቀበራል። አዲስ ቧንቧ ለማስገባት ወለሉን ሲበሱ ሽፋኑ ይቀደዳል። ከኋላ ክፍል ሲጨምሩም የአዲሱ ወለል ሽፋን ከነባሩ ጋር መያያዝ አለበት፤ ለመሠረቱ በጥልቀት የሚሰረሰር ከሆነና ከሰል የሚነካ ከሆነም አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ግንበኛው ሥራውን ሳይጀምር ሪፖርቱን አንብቦ ዋጋ ይስጥ።