የደጋ አበቦቻችንን የሣሉ እጆች

ወሎ ውስጥ ከመካነ ሰላም ወደ ደንቆሮ ጫካ የሚወጣ ሰው ኮሶና አስታ ያገኛል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ጅብራ። የቦረናና የሳይንት ሰው ከልጅነቱ የሚያውቃቸው እነዚህ ተክሎች ለአውሮፓ አንባቢ ብርቅ ነበሩ፤ መልካቸውንም ያየው በሥዕል ነው። ታሪኩ ሲነገር ተጓዦቹ ይወደሳሉ፣ የሣሉት ግን ይረሳሉ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ መነሣት ያለበት ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ይህ የቦሎኛ ሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቀጥሮ ያመጣው ሠዓሊ ነበር። በ1770 ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከብሩስ ጋር ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ጥራዝ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ እንሰትና ዋጊኖስ በሥዕል ወጡ። የባሉጋኒ ድርሻ ግን ተሸፈነ፤ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ ተደርጎም ተጻፈ። ሐሰቱን ያጋለጠው የባሉጋኒ የራሱ የጉዞ ማስታወሻ ነው። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ። በስሙ መጽሐፍ የታተመላቸው በ1991፣ ከሞተ 220 ዓመት በኋላ ነው። በእኔ ግምት ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ አይደርሱበትም፤ እሱ ተክሉን በበቀለበት አገር፣ በትኩሱ አይቷልና። የኮሶ ወንዴና ሴቴ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀላ ያለ አበባ ነው። ያ ቅላት በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ትኩሱ አይታይም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰብሳቢው ተክሉን በወረቀት መሐል ተጭኖ ያደርቅና ይልካል፤ ሠዓሊው አውሮፓ ተቀምጦ ይሥላል። ጀርመናዊው ሺምፐር በ1837 መጥቶ ቀሪ ዕድሜውን እዚሁ ሲሰበስብ ኖረ። ፈረንሳውያኑ ካርተን ዲዮንና ፔቲ ሕይወታቸውን ከፈሉበት፦ ዲዮን በ1840 በመረብ ሸለቆ ንዳድ ገደለው፣ ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሁለቱ ስብስብ አሺል ሪሻር ከ1847 ጀምሮ ላሳተመው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍና ለሥዕል ጥራዙ መሠረት ሆነ።

እንሶስላ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በዚሁ መጽሐፍ ነው። ሴቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚሞቁት ከሥሩ ነው፤ አበባው ግን ነጭ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ፣ ከኋላው እንደ ጅራት የረዘመ ቀጭን ቱቦ ያለው ነው። ቅጠለ አበባው ስስ ስለሆነ ሲጫን ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፣ ቅርጹም ይጠፋል። ጅብራማ ከነአበባው ከአምስት ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ተቆራርጦ ካልሆነ ወረቀት ላይ አይገባም፤ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ስለሚሞት ደግሞ በወቅቱ ያልደረሰበት ሰው አበባውን አያየውም።

በእኛ በኩል የብራና ሐረግ አለ፤ እጅግ ውብ ነው፤ የተሣለው ግን መጽሐፉን ለማስጌጥ እንጂ አንዱን ተክል ከሌላው ለመለየት አይደለም። የመለየቱ ሥራ በአገር ውስጥ የተደራጀው በ1980 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ፕሮጀክት ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1989፣ የመጨረሻው በ2009 ወጣ። ሥዕሎቹ በጥቁር ቀለም የተሠሩ መስመሮች ናቸው፤ ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን ለየብቻ ያሳያሉ። እያንዳንዱ ተክል የሚገኝበት አካባቢ በምህጻረ ቃል ተመልክቷል፤ የወሎ ደጋም የራሱ ምልክት አለው።

የጎደለው ቀለሙ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ደንቆሮም ሩቅ አይደለም። ጅብራው በሚያብብበት ወቅት ቀለምና ወረቀት ይዘው የሚወጡ ተማሪዎች ቢገኙ ባሉጋኒ ያልረገጠውን ይህን ደጋ በትኩሱ ይሥሉታል።