ከግሸን እስከ ጋላፊ፤ ሰው በሳሳበት ድንበር ለሚነግድ ነጋዴ የሚያስፈልግ ዝግጅት

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤን ለመሳለም ከኢትዮጵያ አራቱም ማዕዘን የሚሰበሰበው ምእመን እጅግ ብዙ መሆኑ ለማንም የታወቀ ነው። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ሁሉ ገበያ ይቆማልና፣ የደሴ፣ የሐይቅና የውጫሌ ባለሱቆች ጃንጥላውን፣ የእጅ ባትሪውን፣ ብርድ ልብሱንና የላስቲክ ጫማውን ይዘው በዚያ ሰሞን ወደ አምባሰል ይወጣሉ። ከዚህ ዕቃ አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ ወደብ የወረደ ነው። ከአገራችን የውጭ ንግድ ዘጠና በመቶ ያህሉ በዚሁ ወደብ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ የግሸን በዓል ገበያም ሥሩ ከባሕሩ ዳር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ነጋዴው ቀኑን ወደ ኋላ መቍጠር ይገባዋል። ዕቃው በጳጉሜን በሱቁ መደርደሪያ ላይ እንዲገኝ ከተፈለገ በሐምሌ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ ከወደቡ መነሣት አለበት። እነዚህ ወሮች በደጋው ዝናም የሚበረታባቸውና መንገዱ የሚያዳልጥባቸው ሲሆኑ፣ በቆላው ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ናቸው። አባቶቻችን «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» ማለታቸው ዝግጅት ሳይኖረው ሐሳቡ ብቻ ለሚሮጥ ሰው ነው። የጋላፊ መንገድ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው መኪናው ከኮምቦልቻ ሳይነሣ ገና በጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ምድር የተረሳውን ዕቃ የሚሸጥም ሆነ የተሳሳተውን ወረቀት የሚያርም ሰው በቅርብ አይገኝምና።

መንገዱን በጥቂቱ እንመልከት። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ እስከ ሚሌ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቲ የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝባት፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከባቲ ወዲያ መንገዱ ቍልቍል ወርዶ ከአፋር ሜዳ ይገባል፤ ሚሌን፣ ሎጊያን፣ ሰመራንና ሰርዶን ካለፈ በኋላ ጋላፊ ላይ ድንበሩን ይሻገራል። ከጋላፊ በዲክሂል በኩል እስከ ጅቡቲ ከተማ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። በካርታ ላይ የመንደር ስም ተጽፎ ቢታይም፣ በስፍራው የሚገኘው ጥቂት ቤትና ጥቂት ጥላ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ባቡሩ በድሬዳዋ በኩል የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ለወሎ ነጋዴ ይህን መንገድ የሚተካለት የለም።

ሰው የሳሳበት አገር ማለት ግን ባለቤት የሌለው አገር ማለት አይደለም። ውሃው፣ ግጦሹና መተላለፊያው ሁሉ በየጎሣው የታወቀ ነው። በግብጽ ኬዲቭ አገልግሎት የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. ወታደር አስከትሎ ከታጁራ ወደ አውሳ ቢነሣ፣ ከብዙ ጭፍራው ጋር በዚያው ጠፍቶ ቀርቷል። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ግን በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ፣ ከአውሳው ሱልጣን ፈቃድ ከተቀበለ በኋላ በዚያው ዓመት በደኅና ታጁራ ደርሷል። የመጀመሪያው በጦር ኀይል የመጣ ሲሆን ሁለተኛው ባለአገሩን ያስፈቀደ መንገደኛ ነበር።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ፣ ዝናሙን፣ ግጦሹን፣ ሰላሙንና ጠቡን፣ በዝርዝር ይነጋገራሉ፤ ወሬን አዛብቶ መናገር ነውር ነው። ነጋዴም ከዚህ ሊማር ይገባዋል። ሚሌ ሲደርስ ከጋላፊ የሚመለሱትን ነጂዎች ስለ መንገዱ፣ ስለ ፍተሻውና ስለ ሰልፉ ርዝመት ቢጠይቅ፣ በቢሮው ተቀምጦ የማያገኘውን ወሬ በነጻ ያገኛል። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ረዳት መቅጠርም ከወጪ ሊቈጠር አይገባውም፤ አፋርኛ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የሚነገር ቋንቋ ነውና።

የዝግጅቱን ዝርዝር በአራት ከፍለን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መኪናና ውሃ። ራዲያተሩ፣ ቺንጊያውና ጎማዎቹ በኮምቦልቻ ሳሉ መመርመር አለባቸው። ለሰው የሚሆነው ውሃና ለራዲያተር የሚሆነው ውሃ በየጀሪካኑ ተለይቶ ይጫን፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ በጭንቅ ጊዜ መኪናው የነጂውን ውሃ ይጠጣበታል። የቀትሩን ሰዓት በጥላ ማሳለፍ ለጎማውም ለነጂውም ይበጃል። ዕቃ ቢጠፋ ይተካል፤ የነጂ ሕይወት ግን በመድን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ወረቀት። በመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ በባንክ ፈቃዱና በዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው የነጋዴው ስም በአንዲት ፊደል እንኳ እንዳይለያይ ጸሓፊው ጐን ለጐን አስቀምጦ ያመሳክር። የነጂው የጕዞ ሰነድና ኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው የሦስተኛ ወገን መድን የሚያበቁበት ቀን ለመመለሻውም የሚበቃ መሆኑ ይታይ። ቀንም ሲጻፍ የማን አቈጣጠር እንደ ሆነ ይገለጽ፤ የእኛ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በጅቡቲ ወረቀት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2018 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በእነርሱ ወረቀት 14 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ቀጠሮ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፣ የሥራ ቀን። በጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ሲሆን እሑድ ሥራ ይሠራል፤ በእኛ ደግሞ እሑድ ባንክም ጽሕፈት ቤትም ዝግ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ወገን ጽሕፈት ቤቶች ሳያቋርጡ ጕዳይ የሚፈጸምባቸው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት 4 ቀኖች ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ የተነሣ ሰው ሰኞ ጧት በጅቡቲ ሥራውን ይጀምራል፤ ረቡዕ የተነሣ ግን ዓርብን በሆቴል ወጪ ይቀበላል። በዚያ መካከል በወደብ የተቀመጠው ኮንቴይነር ኪራይ መቍጠሩን አያቆምም።

አራተኛ፣ ገንዘብ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ 1 የአሜሪካ ዶላር በ177.72 ፍራንክ ሂሳብ ተወስኖ የቆየ ነው። የብር ምንዛሪ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። እንግዲህ የወደብ ወጪውን ዛሬ በብር ገምቶ የሽያጭ ዋጋውን ዛሬውኑ የሚቈርጥ ባለሱቅ፣ ዕቃው እጁ በገባ ጊዜ ትርፉ ጠፍቶ ሊያገኘው ይችላል። ግምቱ በዶላር ይሠራ፤ ወደ ብር የሚመለሰውም ክፍያው በሚፈጸምበት ሳምንት ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ አንድ መንገድ ብቻ ይዞ መተማመን እንደማይገባ የወሎ ነጋዴ በብዙ ኪሳራ የተማረው ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት የደሴና የኮምቦልቻ ዕቃ በባቲ አልፎ የሚገባው ከአሰብ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ያ በር ተዘጋ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ድንበሩ ቢከፈትም፣ ዓመት ሳይሞላው እንደገና ተዘግቷል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ኮምቦልቻ ራሷ፣ ባቲና የሚሌ መንገድ የጦር ሜዳ ሆነው፣ ብዙ ሰው ከነሕይወቱ ብዙ ነጋዴም ከነመጋዘኑ ጠፍቷል። ከጅቡቲ በስተ ሰሜን ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በባልሆ በኩል ወደ አፋር የሚገባ ሌላ መንገድ በኋላ ተሠርቷል፤ ለሁሉም ዕቃ ባይስማማም፣ ዋጋውንና ሁኔታውን ከትራንዚተር ጠይቆ በማኅደር ማኖር የብልህ ነጋዴ ሥራ ነው።

ትልቁ አስመጪ አንድ መኪና ቢዘገይበት በሌላው ይካክሰዋል። ጥሪቱን ሁሉ በአንድ ጭነት ላይ ያዋለ ባለሱቅ ግን፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ጃንጥላ የዓመት ዕዳ ይሆንበታል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ያሉ ባለሱቆች ጭነታቸውን አስተባብረው፣ አንድ የታመነ ትራንዚተር ይዘው፣ የመነሻውን ቀን ከግንቦት ጀምሮ ቢወስኑ የእያንዳንዱ ሥጋት በብዙ ትከሻ ላይ ይከፈላል። ከጕዞ የተመለሰም የምክር ቤት አባል ያየውን መልካምና ክፉ ሳይደብቅ ለባልንጀሮቹ ቢያካፍል፣ አፋሮች በበረሃው የሚጠብቁት ሥርዓት በእኛም የንግድ ማኅበር መካከል ይጸናል፤ ቀጥሎ የሚወጣውም ነጋዴ ብዙ ዋጋ ሳይከፍል ይማራል።