ኮምፒዩተሩ «ሃርሻአ የለም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በቤት ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም ስንጭን የሚገጥመን ክልከላ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «መምህሯ ይህን ፕሮግራም ቤት ባለው ኮምፒዩተር ላይ ጫኑ ብላናለች» ይላችኋል። ኮምፒዩተሩ ይከፈታል፣ ፕሮግራሙም ከኢንተርኔት ይወርዳል። ሥራው ሊያልቅ ሲል ግን አንድ መስኮት ብቅ ይልና በዕብራይስጥ «ሃጊሻ ኒድሐታ» ይላል፤ መግባት ተከልክሏል ማለት ነው። ወይም ደግሞ «ሃርሻአ» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ይመጣል። ሃርሻአ ማለት ፈቃድ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ይህን ሲያዩ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ፤ አንዳንዶችም ለማስጠገን ገንዘብ ይከፍላሉ። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። መሣሪያው «ይህን ያዘዘው ማነው? የማዘዝ ሥልጣንስ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

የጠባቂው ሥራ

በኢየሩሳሌም የሃነቪኢምን መንገድ የምታውቁ፣ ከእርሱ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ መንገድም ታውቁታላችሁ። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ግንባታው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በ1893 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በግንብ አጥር ተከብቦ ይታያል። በዚያው መንገድ ዕብራይስጥ የዕለት መነጋገሪያ እንዲሆን የደከመው ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ ኖሯል። መዝገበ ቃላትን የሚያመለክተውን «ሚሎን» የሚለውን ቃል የፈጠረው እርሱ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያስቸግሩን ቃላት ከእርሱ ዘመን በኋላ የመጡ ናቸው፤ ጥቂቶቹን ለይቶ ማወቅ ግን ለማንም አይከብድም።

አጥር ያለውን ግቢ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። መንገዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ወደ ግቢው የሚገባው በበሩ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ግን ቁልፍ የያዘ ብቻ ይገባል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ኢንተርኔት ማየት፣ የቤት ሥራ መሥራት ለማንኛውም ተጠቃሚ ይፈቀዳል። አዲስ ፕሮግራም መጫን ግን ወደ ውስጠኛው ክፍል መግባት ነውና ጠባቂው ያስቆማል። ቁልፉን የያዘው ሰው በዕብራይስጥ «መናሄል ማዓሬኸት» ይባላል፤ የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ «ሚሽታሜሽ»፣ ማለትም ተጠቃሚ ነው።

ይህ አሠራር የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒዩተር በየቤቱ ከመግባቱ በፊት አንዱን ትልቅ መሣሪያ ብዙ ሰዎች በጋራ ይሠሩበት ነበር። በ1969 በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳያበላሽ ለእያንዳንዱ ሰው የፈቃድ ወሰን ያበጅ ነበር። በ1995 በየቤቱ የገባው ዊንዶውስ 95 ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልነበረውም፤ ከፊቱ የተቀመጠ ሁሉ እንዳሻው ያዝዘው ነበር። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ለየሰው ስምና የይለፍ ቃል ቢኖረውም፣ በየቤቱ አብዛኛው ሰው በመናሄልነት ይሠራበት ስለነበር ቫይረስ ሲገባ በሙሉ ሥልጣን ይገባ ነበር። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው ማንኛውም ትልቅ ለውጥ ከመደረጉ በፊት ቆሞ የሚጠይቅ ጠባቂ ያመጣው። ዛሬ የምታዩት መስኮት የዚያ ልጅ ነው።

መልእክቱን መለየት

መስኮቱ ሲመጣ ቶሎ ብላችሁ አትዝጉት። በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡትና ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነ ለዩ።

አንደኛው፣ ፕሮግራሙ በመሣሪያው ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዱ እንደ ሆነ ጠይቆ «ኬን» ወይም «ሎ» እንድትሉ የሚጠብቅ ነው። ይህ ከመጣ ኮምፒዩተሩ እናንተን እንደ መናሄል አውቋችኋል። በመስኮቱ ላይ የፕሮግራሙና የሠሪው ኩባንያ ስም ይጻፋል። ስሙ የምትጠብቁት ከሆነ «ኬን» በሉ። በሠሪው ስም ቦታ «ሎ ያዱዓ»፣ ያልታወቀ፣ የሚል ካለ ቁሙና ጠይቁ።

ሁለተኛው «ሲስማ» የሚጠይቅ ነው። ሲስማ የይለፍ ቃል ነው። ይህ ማለት አሁን የገባችሁት በተራ ተጠቃሚ ስም ነው። የመናሄሉ የይለፍ ቃል እዚያው ላይ ከተጻፈ ሥራው ይቀጥላል።

ሦስተኛው፣ ዊንዶውስ ኮምፒዩተራችሁን እንደ ጠበቀላችሁ የሚናገር ትልቅ ሰማያዊ መስኮት ነው። ይህ የሥልጣን ጉዳይ አይደለም፤ ጠባቂው እንግዳውን አላውቀውም ማለቱ ነው። ልጁ ፕሮግራሙን ከየት እንዳወረደው ጠይቁ። ትክክለኛውን አድራሻ ከመምህሯ ተቀብላችሁ ከሠሪው ድርጅት ገጽ እንደገና አውርዱ።

አራተኛው የሚጠይቅም የሚያስመርጥም አይደለም፤ ክልከላው ከአንድ ድርጅት አስተዳዳሪ የመጣ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ይህ የሚገጥማችሁ ኮምፒዩተሩን ትምህርት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት ወይም በጎ አድራጊ ድርጅት የሰጣችሁ እንደ ሆነ ነው። ቁልፉ አሁንም በሰጪው እጅ ነው። በጉልበት ለመክፈት አትሞክሩ፤ ለማያውቁት ሰው ከፍሎ ማስከፈትም አያስፈልግም። ወደ ሰጪው ደውላችሁ የፕሮግራሙን ስም ንገሩና እንዲጭኑላችሁ ጠይቁ። መሣሪያው ለዘለቄታው የተሰጣችሁ ከሆነ ግን ከእነርሱ አስተዳደር እንዲወጣና የመናሄሉን ሲስማ እንዲያስረክቧችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ዘግታችሁ እንደገና አስነሡት። ዕብራይስጡ «ሃፍዔል ሜሐዳሽ» ይባላል። በግማሽ የቀረ ሌላ ጭነት መንገዱን የሚዘጋበት ጊዜ አለና ይህ ብቻውን ሊፈታው ይችላል።

ቀጥሎ ማን ሆናችሁ እንደ ገባችሁ እዩ። «ሃግዳሮት» የተባለውን የማስተካከያ ክፍል ክፈቱና ወደ «ሔሽቦኖት» ሂዱ። በስማችሁ ሥር «መናሄል» የሚለው ከሌለ ተራ ተጠቃሚ ናችሁ፤ የይለፍ ቃሉን የያዘውን ሰው ጥሩ።

መናሄል ሆናችሁም ከከለከለ፣ የወረደው ፋይል ተጠቅልሎ የታሸገ መሆኑን አጣሩ። ከጥቅሉ አውጡትና በፋይሉ ላይ የመዳፊቱን የቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጉ። በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ሃፍዔል ኬመናሄል» በሚሉ ቃላት የሚጀምረውን ምረጡ፤ በመናሄል ሥልጣን አስነሣው ማለት ነው።

አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲጫኑ «ለሁሉም ተጠቃሚዎች ነው ወይስ ለእኔ ብቻ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ለእኔ ብቻ» ካላችሁ ፕሮግራሙ በራሳችሁ ክፍል ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ የመናሄል ፈቃድ አይጠይቅም። የአማርኛ ፊደል ለመጫን የምትፈልጉም ይህን እወቁ፦ ከ2018 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ተራ ተጠቃሚም የፊደል ቅርጽ ለራሱ ብቻ መጫን ይችላል። ለመጻፊያ የሚሆን የአማርኛ ኪቦርድም ዊንዶውስ በውስጡ ስላለው ከሌላ ቦታ መፈለግ የግድ አይደለም።

አዲስ የገዛችሁት ኮምፒዩተር ከማይክሮሶፍት መደብር በስተቀር ከየትም አልጭንም ካለ፣ «ኤስ» በተባለው አሠራር የተሸጠ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አሠራር መውጣት በነጻ ነው፤ ከወጡ በኋላ ግን መመለስ የለም። አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ ደግሞ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱን አስታውሱ።

የማይደረጉ ነገሮች

ጠባቂው ሰለቸን ብላችሁ ጨርሶ አታጥፉት። ከቫይረስ የሚከላከለውን ፕሮግራም ካላጠፋችሁ አልጫንም የሚል ፕሮግራም ቢያጋጥማችሁ፣ ዘበኛህን አሰናብትና ልግባ እንደሚል እንግዳ ቁጠሩት። በነጻ የሚታደሉ የተሰረቁ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በስልክ የሚመጣው ነው። አንድ ሰው ደውሎ «ከማይክሮሶፍት ነኝ» ወይም «ከባንክ ነኝ፣ ኮምፒዩተርዎ ችግር አለበት» ይልና አንድ ፕሮግራም አስጭኖ «አሁን ኬን በሉ» ይላል። ያ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን ከሩቅ የሚያዝበት ነው። «ኬን» ያላችሁ ጊዜ የቤታችሁን ቁልፍ ሰጣችሁት ማለት ነው፤ በዚያው ኮምፒዩተር የባንክ ሒሳባችሁን የምታዩ ከሆነ ጉዳቱን መገመት አያስቸግርም። ስልኩን ዝጉና በባንክ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። አንድ ነገር ጭናችሁ ከሆነ ኢንተርኔቱን ወዲያው አቋርጡና ለብሔራዊው የሳይበር ተቋም በ119 ደውሉ። በልጅ ላይ በኢንተርኔት ማስፈራራት ወይም ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ቁጥሩ 105 ነው።

በቤታችሁ መናሄሉ ማነው?

በሶሻል ሠራተኝነቴ ወደ ቤተሰቦች ስገባ ከማየው ነገር ይህ ዋናው ነው። ዊንዶውስ አዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት መጀመሪያ ስሙን ያስመዘገበውን ሰው መናሄል ያደርገዋል። በእኛ ቤት መጀመሪያ የሚከፍተው ማነው? ዕብራይስጥ የሚያነበው ልጅ ነው። ስለዚህ የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ማንም ሳይሾመው የቤቱን ቁልፍ ይዞ ይገኛል። ይኸው ልጅ በባንክም፣ በሐኪም ቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም የወላጆቹ አስተርጓሚ ነው። በራሱ ላይ የተጫነው ሸክም እንዲሁም ብዙ ነው። ኮምፒዩተሩ በጠየቀው ቁጥር ብቻውን «ኬን» እያለ ሲወስንና ጥፋት ሲመጣ፣ ጥፋቱን ደብቆ ብቻውን ይጨነቅበታል።

በአገራችን እናት የሳጥኗን ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ ትይዝ ነበር። ልጆቿን ሌባ ብላ አልነበረም፤ ቤቱ ባለቤት እንዳለው ሁሉም እንዲያውቅ ነው። የኮምፒዩተሩ ሲስማም እንዲሁ በወላጅ እጅ ይሁን። ዕብራይስጥ አላነብም ብላችሁ አትፍሩ። ፊደል ሳይቆጥሩ የዘመድ አዝማዱን ስልክ ቁጥር በቃላቸው የሚይዙ እናቶች አሉንና፣ የቁጥር ሲስማ መያዝ አያቅታቸውም። ቁጥሩ ግን የመታወቂያችሁ ወይም የልደት ቀናችሁ አይሁን፤ እነዚያን ልጆቻችሁም ሌሎችም ያውቋቸዋል። በደብተር ጽፋችሁ ቴዑዳት ዜሁታችሁ ከሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጡት።

ሥራውን ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ። መጀመሪያ በ«ሔሽቦኖት» ውስጥ በወላጅ ስም አዲስ ተጠቃሚ ክፈቱ። ሁለተኛ ያንን ስም መናሄል አድርጉት። ሦስተኛ በወላጁ ስምና ሲስማ አንድ ጊዜ ገብታችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ የልጁን ስም ተራ ተጠቃሚ አድርጉት። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፤ ሳታረጋግጡ የልጁን ሥልጣን ካነሣችሁና የወላጁ ሲስማ ከጠፋ፣ ኮምፒዩተሩን ማስተካከል ትልቅ ጣጣ ይሆናል። ልጁ በተራ ተጠቃሚነቱ የሚቀርበት ነገር ጥቂት ነው፤ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ በኢንተርኔት ይማራል፣ ያትማል።

ልጁ «አታምኑኝም ወይ?» ሊል ይችላል። ቅጣት እንዳልሆነ ንገሩት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራም ለመጫን ሲመጣ ሦስት ነገር በአማርኛ ጠይቁት፦ ምንድን ነው? ከየት መጣ? ማን አዘዘው? ሦስቱን በግልጽ ከመለሰ ሲስማውን ራሳችሁ ጻፉለት። መመለስ ካልቻለ መምህሩን ጠይቆ ይመለስ፤ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጎዳ ነገር የለም። ልጁ ዕብራይስጡን ያነብላችኋል፣ ውሳኔው ግን የእናንተ ይሆናል። ይህን ጥቂት ጊዜ የለመደ ልጅ በስልክም ሆነ በመንገድ «እሺ በል» የሚለውን ሁሉ ቆም ብሎ መጠየቅን ይማራል።

ያልተሳካላችሁ ካላችሁ የመስኮቱን ፎቶግራፍ ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ኃላፊ ወይም በአካባቢያችሁ ወዳለው ሶሻል ሠራተኛ ሂዱ። ስትሄዱ ሲስማውን ለማንም አትስጡ፤ መጻፍ ካስፈለገ በራሳችሁ እጅ ጻፉት።