ለአንድ ልጅ ስንት ልብስ ይበቃዋል? በላስታ ደጋ የሚባለውና እውነታው

አንድ ልጅ ስንት ልብስ እንደሚያስፈልገው የሚወስኑት የአገሩ ብርድ፣ ልብሱ የሚታጠብበት ቀንና ታጥቦ ለመድረቅ የሚፈጀው ጊዜ ናቸው። የወላጅ ሀብት የጨርቁን ዓይነት ይለውጥ ይሆናል እንጂ ቁጥሩን ብዙም አይለውጠውም። በላሊበላና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ደጋ ግን ስለ ልጅ ልብስ የሚነገሩ አባባሎች ብዙ ናቸው። ገሚሶቹ ልጁን ለብርድ ይዳርጉታል፤ ገሚሶቹ ደግሞ ወላጅን ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣሉ።

“የደጋ ልጅ ብርዱን ለምዶታል” ይባላል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በተራራው ወገብ በ3,500 ሜትር ላይ የሚያድር ልጅ ከከተማው ልጅ በስድስት ሰባት ዲግሪ የባሰ ብርድ ያገኘዋል፤ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የልጅ ሰውነት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ቆዳ ስላለው ሙቀቱን ከአዋቂ ፈጥኖ ያጣል። ያንን ለመተካት የበላውን ያቃጥላል፤ ለማደግ ሊሆነው የሚገባው እህል ለመሞቂያ ያልቃል። ለመደ የተባለው ልጅ ማማረሩን ትቶ ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን ሙቀት ማጣቱን አይተውም። በቀለብ እጥረት የከሳ ልጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል።

በተቃራኒው ወፍራም ልብስ ሁሉ ያሞቃል፣ በወፈረ ቁጥርም ይሻላል የሚል እምነት አለ። ልብስ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ የሚያሞቀው በክሩና በድርቡ መካከል የሚይዘው አየር ነው። ጋቢ ከቀላል ፈትል ተሠርቶ እንዲያ የሚያሞቀው አራት ድርብ በመሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ስስ ልብሶች ከአንድ ወፍራም ልብስ ይሻላሉ። በላስታ ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ከብት ይዞ የሚወጣ ልጅ ማለዳ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያው ቀን ቀትር ላይ ፀሐዩ ይከብደዋል። የሚያስፈልገው የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ ነው። ከዝናብ በኋላ ደግሞ በጨርቅና በጨርቅ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፦ ጥጥ ከራሰ ሙቀት መያዙን ይተዋል፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ግን ርሶም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ለክረምት እረኛ አንድ የጠጉር ልብስ ከሦስት ካናቴራ ይሻለዋል።

ልጅ ሲያተኩሰው “ብርድ መትቶታል” ተብሎ በጋቢ ላይ ጋቢ መደረቡም ከዚሁ ይመነጫል። የሚያተኩሰውን ልጅ መጠቅለል ሙቀቱን ያፍነዋል እንጂ አያወርደውም፤ ቀለል አድርጎ ማልበስና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። የሳንባ ምችንም የሚያመጡት ተሕዋስያን ናቸው እንጂ ብርዱ አይደለም፤ የቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ ደግሞ ልጁን ለበሽታው ያጋልጠዋል። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. መስጠት የጀመረችው የሳንባ ምች ክትባት የሚሠራውን ሥራ ሹራብ አይሠራውም።

ቁጥሩን በእውነት የሚወስነው ግን እጥበት ነው። “ቅማል ፈላበት” የሚለው አነጋገር ቅማል ከላብና ከሰውነት የሚፈላ ያስመስለዋል። ቅማል አይፈላም፤ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል ይለያል፤ የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፣ እንቁላሉንም እዚያው ይጥላል፣ ወደ ገላ የሚወጣው ደም ሊመጥ ብቻ ነው። ግርሻና ተስቦ የሚተላለፉት በእርሱ ነው። ኢትዮጵያ ግርሻ እስከ ዛሬ ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ብርድ በሚበረታበት ወቅት ሰው ልብስ ደርቦ፣ ሳይቀይር፣ ተጠጋግቶ ስለሚተኛ በሽታው ይመቸዋል። ቅማል ከሰው ደም ተለይቶ ከሳምንት በላይ እምብዛም አይቆይም። እንግዲህ አንድ ልብስ ብቻ ያለው ልጅ ገላውን በየቀኑ ቢታጠብ እንኳ ተመልሶ የሚለብሰው ያንኑ የቅማል ቤት ነው። ተቀያሪ ያለው ልጅ ግን አንዱን ሲለብስ ሌላው በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ስለዚህ ከአንድ ልብስ ወደ ሁለት መሻገር በልጁ ጤና ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከሁለት ወደ አሥር ቢሻገር ከሚያመጣው ሁሉ ይበልጣል።

“ቶሎ ቶሎ የታጠበ ልብስ ቶሎ ያልቃል” የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ልብስን የሚጨርሰው ግን ድንጋይ ላይ መፈተጉ ነው፤ በክር መካከል የገባ አፈርም ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክሩን ይበላዋል። ቀድሞ ዘፍዝፎ በቀስታ ማሸት ዕድሜውን ያረዝመዋል። የጥንቱ ማጠቢያ እንዶድም ለነጭ ሸማ የሚመች ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ተክሉ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ያወቁት ከዚሁ የልብስ እጥበት ነበር። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢው ወደ ወንዝ ባይደፋ መልካም ነው።

ሒሳቡ እንግዲህ ይህን ይመስላል። በብዙ የላስታ ቤት ልብስ የሚታጠበው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሑድና የበዓላት ቀን አይታጠብምና። በበጋ የታጠበ ልብስ በቀትር ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ግን ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሁለት ሙሉ የዘወትር ልብስ፣ ለክረምት አንድ ተጨማሪ፣ ሦስት የውስጥ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ የሚደርበውም የሚተኛበትም አንድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይበቃዋል። ዩኒፎርም ሲጨመር ብዙዎች በወጪ ላይ ወጪ አድርገው ያዩታል፤ ነገር ግን በሳምንት አምስት ቀን የሚለበስ ስለሆነ ከዘወትሩ አንዱን ይተካል። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ መስጠቷ ለድሃ ቤተሰብ ያቃለለው ይህንኑ ወጪ ነው።

ጫማ ከዚህ ቁጥር ውጭ መሆን የለበትም። የእግር እብጠት የሆነውን ዝሆኔን በዘር ወይም በእርግማን የሚመጣ አድርጎ የሚያምን ብዙ ነው። ዘር ተጋላጭነትን ይጨምራል፤ ነገር ግን በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ያልሄደ ሰው አይታመምም። አንድ ጥንድ ጫማ ከሁለተኛው ሱሪ መቅደም አለበት።

የበዓል ልብስ የተለየ ነገር ነው። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የሚለው ተረት የልጅንም ልብስ ይመለከታል፤ በላሊበላ ደግሞ ገና ታኅሣሥ 29 ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋር ይከበራል፣ በነሐሴ አጋማሽ የልጃገረዶች በዓል አሸንድዬ ይመጣል። ልጃገረዶች ለአሸንድዬ አምረው መውጣታቸው የሚያስደስት ነው፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ስሕተቱ ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ ልብስ ግድ ነው ማለቱ ላይ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥር አምስት ወር ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ የሆነው ልጅ በዓመት የሚያድገው ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለአሸንድዬ የተሰፋ ቀሚስ ለጥምቀትም ይደርሳል።

ከዚሁ እድገት የተነሣ “ሰፋ አድርገህ ግዛ፣ ያድግበታል” ይባላል። ምክሩ ደኅና ነው፤ ልክ ሲያጣ ግን አደገኛ ነው። በምድጃ እሳት ዳር የሚንቀሳቀስን ልጅ የተንዘላዘለ ቀሚስ ወይም እጀታ ከነበልባል ጋር ያገናኘዋል፤ ናይለንና ፖሊስተር ደግሞ ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ልብስ ሰፊው ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ እንዲሰፋው ማድረግና በየዓመቱ እየፈቱ ማስረዘም ይሻላል።

ሰልባጅን የሞተ ሰው ልብስ ነው ብለው የሚሸሹ አሉ። አብዛኛው በውጭ አገር ባለቤቱ የጠገበው ወይም ልጁ ያደገበት ልብስ ነው። አገር ውስጥ ማስገባቱ የተከለከለ ቢሆንም በገበያ አይጠፋም። የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በፈላ ውሃ ሊያጥበው ይገባል፤ ቅማልና እከክ ካሉበት የሚሄዱት በዚህ ነው። ከታላቅ ለታናሽ መስጠትንም እንደ ማሳነስ የሚያየው አለ፤ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ግን ለሕፃን ቆዳ ከአዲስ ይመቻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሕፃን ላይ ነው። “ሕፃን ምን ልብስ ይፈልጋል? በጨርቅ ይጠቀለላል” ይባላል፤ በቁጥር ካየነው ግን ከቤቱ ሁሉ ብዙ ጨርቅ የሚፈልገው እርሱ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ስለሚያርስ፣ በየቀኑ ለሚያጥብ ቤት አሥራ ሁለት ያህል የሽንት ጨርቅ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ያስፈልጋል። ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ ስለማይችል እናት ከለበሰችው አንድ ድርብ ይጨመርለታል፤ ኮፍያም ያስፈልገዋል። ዋነኛ ማሞቂያው ግን የእናቱ ገላ ነው።

ሕፃኑን በአራስ ቤት ሸፍኖ ፀሐይ ሳያሳዩ ማቆየት ሌላ ጉዳት አለው። ገላው ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ያጣል፣ አጥንቱም ይለሰልሳል፤ በሽታው ሪኬትስ ይባላል። ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት ባወጡት የአዲስ አበባ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210 ሪኬትስ ተገኝቶባቸዋል፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ውስጥ ግን 20 ብቻ ነበሩ። ብርድ እንዳይመታው ተብሎ የታሸገው ሕፃን ለሚፈራው በሽታ ይበልጥ ተጋለጠ ማለት ነው። እንግዲህ ማለዳ ብርዱ ሲሰበር፣ እጅና እግሩን ገልጦ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ማሳየት የልብሱን ያህል ያስፈልገዋል።

ለሽንት ጨርቅ አዲስ ጨርቅ መግዛት ግድ አይደለም። ያረጀ ነጠላ ተቆርጦና ጠርዙ ተቀምቅሞ ይበቃል፤ ውሃ ፈጥኖ ይመጥጣል፣ ሲሰጣም ፈጥኖ ይደርቃል።